የፈለጋችሁትን ሁኑ

«የፈለጋችሁትን ምረጡ» የሚላችሁ ሰው፣ ለእናንተ መርጦላችሁ የጨረሰ ሰው ነው። አትመኑት። እኔ አምኜ አንድ ሙሉ የቅዳሜ ከሰዓት ከስሬያለሁ።

ዘሪሁን ወልቂጤ ውስጥ አብሮኝ የሚያስተምር የሒሳብ መምህር ነው። ክረምቱን አዲስ አበባ ቆይቶ ሲመለስ አንድ ጨዋታ ተምሮ መጣ። ጠረጴዛ ከበን እንቀመጣለን፤ እሱ ተረት ይመራል፣ እኛ ደግሞ በተረቱ ውስጥ ያለ ሰው ሆነን እንናገራለን። ያሰብነው ይሳካ አይሳካ የሚወስነው ዳይስ ነው፤ በየጎኑ ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ ያለባትን ጠጠር እንጥላለን፣ ትልቅ ቁጥር ከወጣ ይሳካል። እኔንና ከድርን ጭማቂ ቤት ቀጠረን። ከድር የቡታጅራ ልጅ ነው፤ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳል፤ ከዋጋ በቀር በምንም ጉዳይ ከሰው ተጣልቶ አያውቅም።

«የዚህ ጨዋታ ውበቱ ነፃነቱ ነው» አለን ዘሪሁን፣ ወረቀቶቹን እየዘረጋ። «ማንን መሆን ትፈልጋላችሁ?»

«ነጋዴ» አለ ከድር።

«ጀግና አይነግድም። ሰይፈኛ ሁን።»

«እኔ አስማተኛ» አልኩ።

«አንቺ ሐኪም ብትሆኚ ይሻላል። ርኅራኄ ያምርብሻል።»

ርኅራኄ… በአንድ ፈተና ግማሽ ክፍል የጣልኩ መምህር ነኝ እኮ!

ከዚያ የራሱን ወረቀት አወጣ። መሪ አይጫወትም ብሎን ነበር፤ ለካ እሱ ልዑል ኖሯል። ልዑሉ መልከ መልካም ነው፣ ጥበበኛ ነው፣ ሰባት ቋንቋ ይናገራል። ጉራጊኛ ከሰባቱ አንዱ አይደለም፤ ጠይቄዋለሁ።

ለአንድ ሰዓት ያህል ልዑሉ ተናገረ፣ እኛ ተከተልን። በመጨረሻ ድልድይ ላይ ዘንዶ ገጠመን።

«ከድር፣ ምን ታደርጋለህ?»

«አሰላሙ ዐለይኩም እለዋለሁ። ከዚያ ምን ቢሰጡት እንደሚያሳልፈን እጠይቀዋለሁ።»

«ሰይፈኛ አይደራደርም።»

«የፈለግኸውን አላልከኝም እንዴ?»

ዘሪሁን ልዑሉን ወደ ፊት ላከና ዳይሱን ጣለ። አንድ ወጣ። የልዑሉ ሰይፍ የዘንዶውን ጅራት ጫር ሲያደርገው፣ ዘንዶው በምላሹ የልዑሉን ጎን ዘነጠለው። የዘሪሁን ፊት የእውነት የተነከሰ ሰው ፊት መሰለ።

«ቶሎ በይ፣ አክሚ» አለኝ።

«ማንን እንደማክም የምመርጠው እኔ ነኝ?»

«አዎ፣ አንቺ ነሽ። በይ ፍጠኚ።»

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል የለ? «ዘንዶውን አክማለሁ» አልኩ።

ከድርን ጭማቂው ትን አለው። ዘሪሁን ወረቀቶቹን አገላበጠ፤ የሚከለክለኝ ሕግ ፈልጎ አጣ። ዳይሱን ጣልኩ፣ ስድስት። የዘንዶው ጅራት ዳነ። ልዑሉ ሰባቱንም ቋንቋ ይዞ ሞተ።

«እንግዲህ ዘንዶው ያሳልፈናላ?» አለ ከድር በትሕትና።

ዘሪሁን ዳይሱን ኪሱ ከቶ፣ ሳይሰናበተን ወጣ።

ሰኞ ዕለት በመምህራን ማረፊያ ለባልደረቦቻችን ሲያስረዳ ደረስኩ። «ጨዋታው እንከን የለውም» ይላል። «ችግሩ፣ ተጫዋቾቹ ለነፃነት ገና አልደረሱም።»

ይህቺን ንግግር እናንተም የሆነ ቦታ የሰማችኋት ይመስለኛል… ዳይስ በሌለበት።