ጾመኛ ፈላጊው ሻምፒዮን

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። ሻምፒዮን ማለት ጠንካራ ፈልጎ የሚገጥም ነው ወይስ ደካማ አጥንቶ የሚመርጥ? እዚህ ጅማ፣ በቾ ቦሬ፣ አንድ የቦክስ ሻምፒዮን አለን። ደረቱ የቡና መጋዘን በር ያህላል። ያሸነፋቸውን ሰዎች ልንገራችሁ? አንዱ ገና ከወባ የተነሳ ነው፤ ሌላው በሠርጉ ማግስት ከነእንቅልፉ የመጣ ሙሽራ። እሱ ግን የሻምፒዮንነት ቀበቶውን ታጥቆ ገበያ ይዞርበታል፤ ወላሂ አያፍርም!

ዘንድሮ ደግሞ በረመዳን ነስሩን ግጠመኝ አለው። ነስሩ የጎረቤታችን የየቡ ከተማ ልጅ ነው፤ የቡና ጆንያ እንደ ትራስ የሚያነሳ ጎረምሳ።

«ማሎ ወንድሜ፣ ጾመኛ ነኝ፤ ከመግሪብ በኋላ ይሁን» ብሎ ለመነው።

«መብራት ቢጠፋስ? አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው» አለ ጀግናችን፣ የተቀቀለ እንቁላሉን እየላጠ።

ደግነቱ በዕለቱ የክብር እንግዳው ንግግር አላልቅ አለ። ውድድሩ ዘግይቶ ተጀመረ። ነስሩ ሁለት ዙር በባዶ ሆዱ ቡጢ ሲቀምስ ቆይቶ፣ ለእረፍት እንደተቀመጠ አዛን ተሰማ። «ቢስሚላህ» ብሎ አንዲት ተምር ጎረሰ፣ ውሃ ተጎነጨና ብድግ አለ። ይሄኔ ሻምፒዮናችን «ትከሻዬ ወለቀ!» እያለ ከመድረኩ ወረደ። በአንዲት ተምር!

በማግስቱ ልወቅሰው ቤቱ ድረስ ሄድኩ። በር ላይ ከጎረቤቱ ከእማማ አስካለ ጋር ቆሞ አገኘሁት።

«እማማ፣ የፍልሰታ ጾም መቼ ነው የሚገባው?» ይላቸዋል በትሕትና።

እሳቸው ሊጾም መስሏቸው መረቁት!