አድሚራሉና የዓርብ መርከብ

[ባሕር ከከበባት ትንሽ ደሴት ላይ፣ የቀይ እንጨት ቤት በረንዳ። ሁለት ያላገቡ ሽማግሌ ወንድማማቾች። ታላቁ ሩሪክ የማያውቀው ነገር የለም፤ ካፖርቱን ለብሶ ይንጎራደዳል። ታናሹ ሄልጌ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እግሩ ሥር ክዳኑ በጠፍር የታሰረ ትልቅ ቅርጫት አለ። ከታች፣ ማቆሚያው ላይ፣ ወደ ከተማ የምትሄደው መርከብ የዓሣ ሣጥን ትጭናለች።]

ሩሪክ፦ ሌሊት ለድመቱ በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ!

ሄልጌ፦ አዎ፣ አንተ ከፈትክ። እኔ ዘጋሁ።

ሩሪክ፦ ታዲያ መክፈትና መዝጋት እኩል ነው?

ሄልጌ፦ አይደለም ጋሼ። አንተ ከፍተህለት ተመልሰህ ተኛህ። እሱ ግን መቼ ወጣ? ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ ባሕሩን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ እኔን አየኝ። ብርዱ በእግሬ ገብቶ በጆሮዬ ወጣ። ጌታው ገና እያሰቡ ናቸው።

ሩሪክ፦ እያሰበ አይደለም፣ እየለካ ነው! ድመት ከመውጣቱ በፊት የነፋሱን አቅጣጫ ይለካል። ስለ ድመት ያነበብኩት መጽሐፍ ላይ አለ።

ሄልጌ፦ ለክቶ ሲጨርስ ተመልሶ የኔ ትራስ ላይ ተኛ።

ሩሪክ፦ ነፋሱ አልተስማማውማ!

ሄልጌ፦ ለኔስ መች ተስማማኝ? [ያስነጥሳል]

ሩሪክ፦ ይማርህ። ለዚህ እኮ ነው ዛሬ የሚሄደው! ከዛሬ ወዲያ በር የምትከፍትለት ኢንጌር ናት። የአክስታችን ልጅ ከተማ ቁጭ ብላ በአይጥ ትበላለች፣ እኛ እዚህ በድመት እንበላለን። ድመታችንን አድሚራሉን በዓርብ መርከብ እልክልሻለሁ ብያታለሁ። አልኩ፣ አልኩ ነው!

ሄልጌ፦ ያልካት ተናደህ ነው። ለስምህ ቀን በዓል በጭስ ያበሰልከውን ዓሣ ስለ በላብህ።

ሩሪክ፦ መብላቱን ተወው። ጭንቅላቱን ጫማዬ ውስጥ ትቶልኛል! እግሬን ስከት ዓይን ለዓይን ተያየን!

ሄልጌ፦ እንግዲህ ድርሻህን ማስቀመጡ ነው።

ሩሪክ፦ ተናድጄም ይሁን ደስ ብሎኝ፣ ቃል ቃል ነው። ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል።

ሄልጌ፦ አንተ መች ወለድክ? የምትሰጠው ልጅ ስታጣ ነው አድሚራሉን የያዝከው?

ሩሪክ፦ [ጉሮሮውን ይጠራርጋል] ለማንኛውም መርከቧ መጥታለች። ዓሣውን ጭና እንደ ጨረሰች ትነሣለች፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሰኞ መርከብ የለም። የታለ ድመቱ?

ሄልጌ፦ እኔ ምን አውቄ።

ሩሪክ፦ እሱስ እውነትህን ነው። አዋቂ የሚፈልግ ጉዳይ ነው። ስማኝ፤ የተጨነቀ ድመት ሙቀት ይፈልጋል፣ ጨለማ ይፈልጋል፣ ማንም የማይነካካው ቦታ ይፈልጋል።

ሄልጌ፦ [ቅርጫቱን በእግሩ ወደ ራሱ ሳብ እያደረገ] ለምሳሌ… ቅርጫት ውስጥ?

ሩሪክ፦ [ይስቃል] ቅርጫት! አይ የኔ ወንድም! ድመት በዚህ ምድር ላይ እንደ መጓጓዣ ቅርጫት የሚጠላው ነገር የለም። ሲያየው ነፍሱ ትወጣለች። ለዚህ ነው ከጠዋት ጀምሮ እንዳታበላው ያልኩህ። የተራበ ድመት ዓሣ ከሸተተው እሳት ውስጥም ቢሆን ይገባል። አላበላኸውም አይደል?

ሄልጌ፦ አላበላሁትም። አለቀሰ፣ እግሬ ሥር ተጠመጠመ፣ አላበላሁትም። ከጠዋት ጀምሮ የበላው የኔን አንጀት ብቻ ነው።

ሩሪክ፦ ጎሽ! ያለው የእንፋሎት መታጠቢያችን፣ የሳውናው ጣሪያ ሥር ነው፤ አንገቴን እሰጣለሁ። መጣሁ። [ይሮጣል]

ሄልጌ፦ [ግራ ቀኝ አይቶ ወደ ቅርጫቱ ያጎነብሳል] አድሚራሌ፣ አለህ?

[ከቅርጫቱ ውስጥ፦ ሚያው።]

ሄልጌ፦ እሽሽ! ትንሽ ታገሠኝ፣ የኔ ጌታ። አስገድጄ አላስገባሁህም መቼም። የጋሼን ሹራብ ስታይ ራስህ ገብተህ ተጠቀለልክበት፤ እኔ ያደረግኩት ክዳኑን መዝጋት ብቻ ነው። መርከቧ እስክትነሣ ነው። እሱ አገር ምድሩን ሲያስስ ይዋል፣ አፍንጫው ሥር ያለህን ግን አያይህም። ለምን? መጽሐፉ ላይ የለማ! [ክዳኑን እየዳበሰ] አንተ ከሄድክ በረዶው ሲወርድ ከማን ጋር ላወራ ነው? ከሱ ጋር? እሱ ያስተምራል እንጂ መች ያወራል። እኔ ያላንተ አልችልም፤ እውነቱ ይኸው ነው።

[ሩሪክ ይመለሳል። ግንባሩ ጥላሸት፣ ካፖርቱ የሸረሪት ድር ለብሷል።]

ሩሪክ፦ ከማን ጋር ነው የምታወራው?

ሄልጌ፦ ከራሴ ጋር።

ሩሪክ፦ ምን አለህ?

ሄልጌ፦ ዝም በል አለኝ።

ሩሪክ፦ ደግ ብሏል። [እየተራገፈ] ሳውናው ላይ የለም። ያገኘሁት አንድ አይጥ ብቻ ነው። እሷም አልሸሸች፤ ደህና ዋልክ ወይ ልትለኝ ምንም አልቀራት።

ሄልጌ፦ ለኢንጌር ደግሞ አይጥ ጨራሽ ነው ብለህላታል።

ሩሪክ፦ ነው! በደሙ አዳኝ ነው። የጎደለው ፍላጎት ብቻ ነው።

ሄልጌ፦ ያቺ ወጥ ቤት የገባችው አይጥ ዳቦውን ስትቆረጥም አጠገቧ ተቀምጦ እኮ ነው ያያት።

ሩሪክ፦ እየሰለላት ነበር።

ሄልጌ፦ ስትወጣ እስከ በር ሸኛት።

ሩሪክ፦ አታድርቀኝ! አሁን ተራው ያንተ ነው። ከጀልባ ቤቱ ጀርባ ሄደህ ጥራው። በዚህ በጎርናና ድምፅህ እንዳይሆን፤ በቀጭኑ! ድመት ወፍራም ድምፅ አይሰማም።

ሄልጌ፦ ቅርጫቱስ?

ሩሪክ፦ ባዶ ቅርጫት ማን ይሰርቀናል? ሂድ!

ሄልጌ፦ [ሄድ ብሎ ይመለሳል] እንዳትቀመጥበት ታዲያ። የተውሶ ነው፣ የኢንጌር ነው። [ይወጣል። ከሩቅ፣ በቀጭን ድምፅ፦ አድሚራልዬ! አድሚራልዬ!]

ሩሪክ፦ ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው… አሁን ይሄ ምን ይባላል? [ዘፍ ብሎ ቅርጫቱ ላይ ይቀመጣል]

[ከሥሩ፦ ሚያው።]

ሩሪክ፦ [ሳይነሣ፣ ዓይኑን ጨፍኖ] ይኸው፣ ገና ሳይሄድ ጆሮዬ ላይ መጮህ ጀመረ። ጉድ ፈላ።

[ሚያው!]

ሩሪክ፦ [ዘሎ ይነሣል፤ ክዳኑን ገለጥ አድርጎ አይቶ ይከድነዋል] አምላኬ! ገብቷል። ለዚያውም በራሱ! መጽሐፉ ላይ ግን… መጽሐፉ ገደል ይግባ! ያ የዋህ ወንድሜ ሳያይ ቆልፎበታል። [ያጎነብሳል] አንተ ከይሲ! ሳምንቱን ሙሉ ዓርብ ሲደርስ ጥፋ፣ ጥፋ እያልኩ ስጸልይልህ፣ አንተ መጥተህ ቅርጫት ውስጥ ትተኛለህ? መጥፋት ያቅትሃል? ጫማዬ ውስጥ የዓሣ ጭንቅላት መትከል አላቃተህ! ምን ላድርግ አሁን? ሩሪክ ቃሉን አጠፈ ልባል ነው? ድመቱ ካልተገኘ ግን ሩሪክ ምን ያድርግ? ፈለገ፣ አጣ። [ጠፍሩን ፈትቶ ክዳኑን ይከፍታል] ውጣ። ኧረ ውጣ ስልህ!

[ድመቱ ራሱን ብቅ ያደርጋል። ባሕሩን ያያል፣ ሰማዩን ያያል፣ ሩሪክን ያያል።]

ሩሪክ፦ አሁን ነው ነፋስ የምትለካው? [አቅፎ ያወጣዋል፤ ትንሽ አቅፎት ይቆያል] ሂድ፣ ወዳጄ። እስኪመሽ እንዳትታይ። አንተ ባትኖር እግሬ ላይ ማን ሊተኛልኝ ነው? ሂድ በቃ!

[ድመቱ ተንጠራርቶ፣ ሳይቸኩል ይወጣል። ሩሪክ ቅርጫቱን መልሶ ያስራል። ሄልጌ እያለከለከ ይመጣል።]

ሄልጌ፦ ጉሮሮዬ ተቀደደ እንጂ የለም።

ሩሪክ፦ [ፊቱ በርቶ] የለም? [ቶሎ ፊቱን አጥቁሮ] ኤዲያ! የለም?

ሄልጌ፦ [በደስታ] የትም የለም! [ቶሎ ብሎ] ያሳዝናል።

ሩሪክ፦ በጣም እንጂ። አንጀት ይበላል።

ሄልጌ፦ እዚህስ… ምንም ድምፅ አልሰማህም?

ሩሪክ፦ ምንም! አንተስ?

ሄልጌ፦ ምንም!

[የመርከቧ ጥሩምባ ይነፋል።]

ሩሪክ፦ በቃ፣ የኔ ሐላፊነት እዚህ ላይ አበቃ። ቃሌን እኔ አላጠፍኩም፤ ያጠፈው ድመቱ ነው። ቅርጫቷን እንኳ ልላክላትና ክብሬ ይትረፍ። [ቅርጫቱን ያነሣል]

ሄልጌ፦ [ተስፈንጥሮ ይይዘዋል] ቅርጫቱን?!

ሩሪክ፦ የሰው ዕቃ ነው።

ሄልጌ፦ ሰኞ ይላክ! ልጠበው! ሸቷል!

ሩሪክ፦ ምን ነክቶት ይሸታል?

ሄልጌ፦ አንተ ተቀምጠህበት!

ሩሪክ፦ ምን አልክ? ልቀቅ!

ሄልጌ፦ አልለቅም! ኧረ ቀስ፣ አትነቅንቀው!

ሩሪክ፦ ባዶ ቅርጫት ቢነቀነቅ ምን ይሆናል?

ሄልጌ፦ ያዞረዋል!

ሩሪክ፦ ማንን?

ሄልጌ፦ ቅርጫቱን!

ሩሪክ፦ ሄልጌ፣ አመመህ እንዴ? መርከቧ ልትነሣ ነው!

ሄልጌ፦ [ቅርጫቱን ደረቱ ላይ አቅፎ መሬት ላይ ይቀመጣል] እሺ በቃ! እኔን ጭነህ ላከኝ! አድሚራሉ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የደበቅኩት እኔ ነኝ። አልሰጥም! ቃልህን አዙረህ ብላው፣ ከፈለግክም በዓሣ ብላው፣ አልሰጥም!

ሩሪክ፦ [ቀስ ብሎ] እዚያ ውስጥ የለም።

ሄልጌ፦ አለ!

ሩሪክ፦ እኔ ስልህ የለም።

ሄልጌ፦ ዛሬ እንኳ አትወቅ እስቲ! የዘጋሁበት እኔ ነኝ!

ሩሪክ፦ ያስወጣሁት እኔ ነኝ!

[ሄልጌ ክዳኑን ይከፍታል። ሹራብ ብቻ። ሹራቡን አንሥቶ ከሥሩ ያያል።]

ሄልጌ፦ አንተ? ለምን?

ሩሪክ፦ ለምን ይመስልሃል? ሰው በንዴት አንድ ቃል ቢያመልጠው ዕድሜ ልኩን እግሩ እየበረደው ይተኛ?

ሄልጌ፦ ታዲያ መሄዱ ይቅር አትልም ነበር?

ሩሪክ፦ አንተስ ይቅር አትለኝም ነበር?

ሄልጌ፦ አንተ ስትናገር እኔ መች ተራ ደረሰኝ!

ሩሪክ፦ [ትከሻውን ይዞ እየሳቀ] አይ ሄልጌ! እኔም እኮ የዋህ ነው ብዬ ነበር። በል ተነሣ፤ ለኢንጌር ጠፋ እንላታለን። ደግሞም ጠፍቷል፤ የዋሸነው ነገር የለም።

ሄልጌ፦ ወዴት ሄደ ግን?

ሩሪክ፦ ወደ ጫካው ነዋ! ከእስር የወጣ ድመት መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ዛፍ ነው። መጽሐፉ…

ሄልጌ፦ ከጠዋት ጀምሮ ያልበላ ድመት?

ሩሪክ፦ አዎ፣ ያልበላ ድ…

ሄልጌ፦ ጋሼ። መርከቧ ምንድን ነው የምትጭነው?

[ሁለተኛ ጥሩምባ። ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ ባሕሩ ይዞራሉ።]

ሄልጌ፦ ያ የዓሣው ሣጥን ላይ ያለው ግራጫ ነገር… የመርከበኛ ቆብ ነው በለኝ።

ሩሪክ፦ ቆብ ጅራት የለውም።

ሄልጌ፦ አድሚራል! ኧረ ውረድ!

ሩሪክ፦ በቀጭኑ! በቀጭኑ ጥራው!

ሁለቱም፦ [በቀጭን ድምፅ] አድሚራልዬ! አድሚራልዬ!

ሄልጌ፦ ዞረ! እያየን ነው!

ሩሪክ፦ እያየንም እያኘከም ነው። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ! መርከቧን አቁሙ! አቁሙ እንጂ! [ካፖርቱን ያውለበልባል] ያ ከኋላ የቆመው ሰውዬ ምን ነካው?

ሄልጌ፦ ደህና ግቡ የምንለው መስሎት እጁን እያወዛወዘልን ነው።

[የመርከቧ ድምፅ እየራቀ ይሄዳል። ሩሪክ ባዶው ቅርጫት ላይ ይቀመጣል።]

ሄልጌ፦ ብትተወው ኖሮ አሁን እዚህ ነበር።

ሩሪክ፦ ብትነግረኝ ኖሮ እተወው ነበር!

ሄልጌ፦ ብናበላው ኖሮ…

ሩሪክ፦ [ተቆጥቶ ይጀምርና ይተወዋል] ብናበላው ኖሮ። አዎ። እኔ ነኝ። ኢንጌር ማታ ወደቡ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ዓርብ፣ በመርከብ ነበር ያልኳት። ይኸው ዓርብ፣ ይኸው በመርከብ። ሩሪክ መቼም ቃሉን አያጥፍም ትላለች።

ሄልጌ፦ በዚህ ቤት ቃሉን የጠበቀ አድሚራሉ ብቻ ነው።

ሩሪክ፦ አትቀልድ! አሁን እንዴት ብዬ ነው መልሺልኝ የምላት? አለቀ፣ ደቀቀ። ቃሌ ይኸው ባሕር ላይ ነው።

ሄልጌ፦ [አስቦ] ጋሼ፣ ምን ነበር ያልካት? እንዳለ ንገረኝ።

ሩሪክ፦ ዓርብ በመርከብ እልክልሻለሁ።

ሄልጌ፦ ሌላስ?

ሩሪክ፦ ሌላ ምንም።

ሄልጌ፦ እንግዲያው ላክህላት። ሰኞ መጥቼ አልወስድብሽም ብለሃታል?

ሩሪክ፦ [ከቅርጫቱ ላይ ብድግ ብሎ] አላልኳትም።

ሄልጌ፦ ሰኞ እንሄዳለን። ንግግሩን እኔ እችለዋለሁ፤ አንተ ቅርጫቱን ያዝ።

ሩሪክ፦ ሄልጌ… ይኼን ከየት አነበብከው?

ሄልጌ፦ አንተ ከፍተህለት ስትተኛ፣ በሩን ይዤ የምቆመው እኔ አይደለሁ? ለማሰብ ጊዜ ነበረኝ።