ኮሶውን ያዳንኩበት ደብዳቤ

ሰው ሲወለድ ወይ ለዋጭ ወይ አቆይ ሆኖ የሚወለድ ይመስለኛል። ለዋጩ ወንበር ላይ ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን ያዞረዋል። አቆዩ ደግሞ እግሩ የተሰበረ ወንበር ቢሰጡት ሚዛኑን ጠብቆ መቀመጥን ይማራል። እኔ አቆይ ነኝ። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚለውን ተረት ማን እንደተረተው ባላውቅም ዘመዴ መሆን አለበት። ለዚህ ዓይነቱ ጠባይ በደርግ ዘመን የወጣለት ስም «አድኃሪ» የሚል ነበር፤ ሰው ይዞ የሚሄድ ስም። ስለዚህ አቆይነቴን እንደ ሆድ ቁርጠት ለራሴ ይዤ፣ ሲጨበጨብ እያጨበጨብኩ፣ እጅ ሲወጣ እያወጣሁ እኖር ነበር። ማጨብጨብ ለደም ዝውውር ይበጃል ይባላል። ያን ጊዜ የፒያሳ ሰው ደሙ እንዴት ይሮጥ እንደነበር እግዚአብሔር ይወቀው!

ቤቴ ከውቤ በረሃ ዝቅ ብሎ፣ አራት አባወራ የሚኖርበት ግቢ ውስጥ ነበር። ግቢው በሙሉ የእማማ ጥሩነሽ ነበር፤ «ነበር» የምለው አዋጁ ከመምጣቱ በፊት ማለቴ ነው። ትርፍ ቤት ሲወረስ የኪራይ ቤቶቹ ለቀበሌው ሆኑ፤ እሳቸው በሚኖሩባት በአንዷ ቀሩ። እኛም ኪራዩን ለቀበሌው፣ አክብሮቱን ለእሳቸው እንከፍል ነበር። ከድሮው ሀብታቸው የተረፋቸው በግቢው መካከል የቆመ አንድ ትልቅ የኮሶ ዛፍ ነው፤ ሟች ባለቤታቸው በተጋቡ ዓመት የተከሉት። «ቤቱን ወሰዱ፤ ጥላውን ረሱልኝ» ይሉ ነበር። ቀን ቀን ሥሩ በርጩማቸውን አስጠግተው ዳዊታቸውን ይደግማሉ።

ዛፉ ለሰፈሩም የሚሰጠው አገልግሎት ቀላል አልነበረም። የአራዳ ሰው ጥሬ ሥጋ ይወዳል። ጥሬ ሥጋ ደግሞ ያለ እንግዳ አይመጣም፤ ሆድ ውስጥ ገብቶ ተከራይ የሚሆን እንግዳ። ሥጋ ቤቱ ያስገባውን ተከራይ የሚያስወጣው የእማማ ኮሶ ነበር። አበባው ቀልቶ ሲንዠረገግ ከአራት ኪሎም ከአምስት ኪሎም፣ ፊቱን አስቀድሞ አጨማዶ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። ፋርማሲው ኪኒን አለው ቢሏቸው፣ እማማ «ኪኒን ያባብላል፣ ኮሶ ያዛል» ይሉ ነበር። ያለ አዋጅ የሚያስለቅቁ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ከዕለታት አንድ ቀን መንግሥት አገሪቱ መራቆቷን አወቀ። በዚህ ማን ይከራከራል? ደኑ አልቋል፣ አፈሩ ታጥቧል፣ ድርቅ ሰው ፈጅቷል። የሚሳቅበት ነገር አይደለም፤ አልሳቅሁበትምም። እኔ የምጠረጥረው መድኃኒቱን ሳይሆን ማንኪያውን ነው። መመሪያው ከላይ ሲወርድ ለተራራውም ለአስፋልቱም አንድ ሆኖ ወረደ፤ የኛም ቀበሌ ሁለት መቶ ችግኝ ደረሰው። ሁለት መቶ ችግኝ በፒያሳ! የት ይተከል? ኬክ ቤቱ ባንኮኒ ላይ? ወርቅ ቤቱ መስኮት ውስጥ?

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለክቶ የሚቆርጥ ጥሩ ሰፊ ነበር። ሥልጣን ሲይዝ ግን መለካቱን ተወና መቁረጡን ያዘ። ቀበሌውን ዞሮ ዞሮ ያገኘው ባዶ መሬት የኛ ግቢ ብቻ ሆነ። አብሮት የመጣው ባለሙያም አንጋጦ ኮሶውን አየና ችግኝ ፀሐይ እንጂ ጥላ አይስማማውም አለ።

ስብሰባው እሁድ ጠዋት፣ ቅዳሴ ሳይወጣ፣ እዚያው ግቢያችን ውስጥ ተጠራ። ጓድ ሊቀ መንበር መመሪያውን አነበበና ውሳኔውን አሳወቀ፦ አገሪቱን ዛፍ ለማልበስ በመጀመሪያ ይህ ዛፍ ይቆረጣል። ዙሪያዬን አየሁ። አንድም የሳቀ የለም። እኔም ኮስተር አልኩ። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እኔን ብቻ ያያሉ።

«አይቆረጥ» ብል ምን እሆናለሁ? ዛፉ የድሮ መድኃኒት፣ ባለቤቱ የድሮ ቤት አከራይ፣ ተሟጋቹ እኔ ከንጉሡ ዘመን የተረፍኩ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ። ከዚህ እስከ አድኃሪ ስንት እርምጃ ነው? ስለዚህ ተነስቼ በዘመኑ ቋንቋ ተናገርኩ። ሐሳቡን በመርህ ደረጃ እደግፋለሁ፤ ሆኖም አብዮታዊ ዲሲፕሊን የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ፈቃድ አስቀድመን እንድናገኝ ያስገድደናል አልኩ። ጭብጨባው ግቢውን አናወጠው። ጓድ ሊቀ መንበር ዓይኑ እያበራ «እንዲህ ያለ ንቁ ጓድ ነው የሚያስፈልገን!» አለና የዛፍ ቆረጣ ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርጎ አስመረጠኝ። ኮሚቴው እኔ ብቻ ነበርኩ። በሙሉ ድምፅ ተመረጥኩ፤ የራሴን ድምፅ ጨምሮ።

ሕዝቡ ሲበተን እማማ በጣታቸው ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ አድነኝ ብዬ ባይህ ገዳይ ሆነህ ተመረጥክ?» አሉኝ። ልጅ የሚሉኝ ሃምሳ ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ነው።

አይስጉ አልኳቸው። መዝገብ ቤት ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ደብዳቤ የተጻፈበት ጉዳይ ሲፈጸም አይቼ አላውቅም።

«ደብዳቤ ነው ዛፍ የሚጠብቀው?»

«ከዘበኛ ይበልጣል፣ እማማ።»

«እንጃልህ። የኔንም ቤቶች የወሰዱት በወረቀት ነው» ብለው ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ።

እዚህ ላይ ስለ ሙያዬ ትንሽ ልኩራ። ጉዳይን ማስፈጸም ማንም ይችላል። ጉዳይን በክብር ማስተኛት ግን ጥበብ ነው። በመጀመሪያ «በአስቸኳይ» ብሎ ሁለት ጊዜ ማስመር ያስፈልጋል፤ የቸኮለ ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ሲያዩት ያናድዳልና ከሥር ይገባል። ቀጥሎ ግልባጩን ማብዛት ነው። ግልባጭ የበዛለት ደብዳቤ አባት እንደበዛለት ልጅ ነው፤ ሁሉም የሌላው ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔም «ጉዳዩ፦ ዛፍ ለመቁረጥ ፈቃድ ስለመጠየቅ» ብዬ፣ በቀበሌው ስም፣ በኮሚቴው ሰብሳቢ ፊርማ፣ በሰባት ግልባጭ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ጽፌ የማላውቀውን ደብዳቤ ጻፍኩ።

ደን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ድረስ ራሴ ይዤው ሄድኩ። የእዚያ መዝገብ ቤት ኃላፊ የሙያ ወንድሜ ነው። «አስቸኳይ» የሚለውን ሲያይ ፈገግ አለና ከክምሩ ሁሉ ሥር ከተተው። ልቤ በደስታ ሞላ። ስለመድረሱ በየግልባጩ ላይ ክቡን ማኅተም እየመታ መለሰልኝ። ስመለስ ፒያሳ ባንኮኒውን ተደግፌ አንድ ማኪያቶ ጠጣሁ፤ ዛፍ ያዳነ ሰው ይገባዋል። ከዚያም፣ ሥራዬን መሥራቴን እንዲያውቅልኝ ብዬ፣ አንዱን ግልባጭ ለጓድ ሊቀ መንበር ሰጠሁት።

ምን ነበር ባልሰጠው? ግን ግልባጭ ለባለጉዳዩ ካልደረሰ ደብዳቤ ተሟላ ይባላል እንዴ? ሃያ ዓመት የለመደ እጅ ነው የሰጠው።

ከሁለት ቀን በኋላ በመሥሪያ ቤታችን የውይይት ክበብ ነበር፤ ርዕሱም የተፈጥሮ ሀብት አጠባበቅ። እኔም አስተያየት ሰጥቼ ተጨበጨበልኝ። ወደ ቤቴ ስገባ ግቢያችን ውስጥ ሰማይ ነበር። ያን ያህል ሰማይ እዚያ ግቢ ውስጥ አይቼ አላውቅም። መጋዙ ሥራውን ጨርሷል፤ ግንዱ ተጋድሟል፤ ቀዩ አበባ ጭቃው ላይ ተረጋግጧል። ጓድ ሊቀ መንበር ላቡን እየጠረገ አቀፈኝ።

«ጓድ፣ በሁለት ቀን ፈቃድ! አንተ እኮ ጉደኛ ነህ!»

የምን ፈቃድ አልኩት። ከደረት ኪሱ ግልባጬን አወጣ። ይህ ጥያቄ ነው፣ ፈቃድ አይደለም አልኩት። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንስቶ አየው፤ እኔንም አየኝ፤ አዘነልኝ መሰለኝ።

«ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው። ፈቃድ ሌላ ምን አለው?»

ወረቀቱን ተቀብዬ ገለባበጥኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ሌላ ምን እንዳለው እስከ ዛሬም አላውቅም። ባለማኅተም ወረቀት ፊት እጁን የማያነሳ ማን አለ? እኔስ ራሴ መቼ አንብቤ አውቃለሁ? ማኅተሙን አይቼ አይደል ሃያ ዓመት ስመዘግብ የኖርኩት?

እማማ ጉቶው ላይ ተቀምጠው ነበር። ይቆጡኛል፣ ይረግሙኛል ብዬ ቀረብኩ። ዳዊታቸው ተዘግቶ ጭናቸው ላይ ነው። ፀሐዩ ፊታቸው ላይ ስለወደቀ በመዳፋቸው እየተከለሉ «ቤቶቹን የወሰዱብኝ የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው» አሉ በቀስታ፤ «ይሄን ግን አንተ ነህ የጻፍከው።» ከዚያ በኋላ በርጩማቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ። ውጭ ተቀምጠው ሲደግሙ ዳግመኛ አላየኋቸውም።

ችግኞቹ በመዝሙር ተተከሉ። ዘመቻው በአንድ ጠዋት እንዲያልቅ ስለተፈለገ ሥራቸው የታሰረበት ጥቁር ላስቲክ አልተቀደደም፤ ከነላስቲካቸው ነው አፈር የለበሱት። ቢተነፍሱ ኖሮ ይጮሁ ነበር። ጥር ሲገባ ሁሉም እንጨት ሆነው ነበር። ሪፖርቱ ላይ ግን ሁለት መቶው ሁለት መቶ እንደሆነ ቆሟል፤ ወረቀት ላይ የተተከለ አይደርቅም።

በስምንተኛው ወር ከደን መሥሪያ ቤቱ መልስ መጣ። ይህኛው እውነተኛ መልስ ነው፤ አነበብኩት። በግቢያችን የሚገኘው የኮሶ ዛፍ አገር በቀል በመሆኑ መቁረጡ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ጉዳት ቢደርስበት የኮሚቴው ሰብሳቢ በሕግ ይጠየቃል፤ ሰብሳቢውም ስለ ዛፉ ደኅንነት በየሦስት ወሩ በጽሑፍ ያሳውቅ። ለጓድ ሊቀ መንበር አሳየሁት። ይህን ጊዜስ ማኅተሙን አልፎ ቃሉን ሁሉ አነበበ፤ ፊቱም እንደ ኖራ ነጣ። «ጓድ፣ በእናትህ፣ በሁለታችን መካከል ይቅር» አለኝ። እናቴን ከጠራ ዘንዳ ምን አደርጋለሁ?

እማማ ወሬው ደርሷቸው ነበር። በመስኮታቸው ጠርተው ምን ብለህ ልትመልስ ነው አሉኝ። እኔ ዋሽቼ መጻፍ አልችልም፣ ሙያዬ አይፈቅድልኝም አልኳቸው። «ታዲያ እውነቱን ጻፋ» አሉና መስኮቱን ዘጉ።

ተቀምጬ እውነቱን ብቻ ጻፍኩ፦ «ባለፉት ሦስት ወራት የዛፉ ቁመት አልቀነሰም፤ አንድም ቅጠል አልረገፈበትም፤ ከእንግዲህም ማንም ሊቆርጠው እንደማይችል በሙሉ ልብ አረጋግጣለሁ።»