ጥላ የሰረቀችው አህያ

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል። ነገሩ የሆነው ሰው ዣንጥላ ዘርግቶ መሄድ ሳይማር በፊት ነው። በአንድ ጫካ መካከል መቶ አውሬ የሚያስጠልል ዋርካ ነበረ። የጫካው ሸንጎ የሚቀመጠው በዚያ ዋርካ ሥር ነው፤ መቀመጫው ደግሞ በማዕረግ ነው። ከዋርካው በስተምዕራብ አንበሳ በወይራ ዙፋኑ ላይ፣ ከጎኑ አማካሪው ቀበሮ፣ ዳኛው ዝንጀሮ፣ ቅጣት አስፈጻሚው አያ ጅቦ ይደረደራሉ። በስተምሥራቅ ያለው ሜዳ የተራው ነው፤ ሚዳቋው፣ ጃርቱ፣ ጥንቸሉ ፀሐይ እየጠበሰው እዚያ ሆኖ ያዳምጣል። ሸንጎው ሁልጊዜ በማለዳ ተጀምሮ ረፋድ ላይ ይበተናል። ስለዚህ ጥላ ማለት የትልልቆቹ ንብረት መሆኑን የተጠራጠረ አንድም አልነበረም።

ከተራዎቹ ሁሉ ጫፍ ላይ የምትቀመጥ አንዲት አህያ ነበረች። ከሰው ቤት ጠፍታ የመጣች ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ጨው ስትጫን ኖራ፣ አንድ ቀን ገመዷን በጥሳ ጫካ ገባች። «ክብር አልፈልግም፣ ለምለም ሣርም አልፈልግም፤ ጀርባዬ ብቻ ባዶ ይሁንልኝ» ብላ አንበሳን ለመነችው። አንበሳም የዚያን ዕለት ጠግቦ ነበርና ፈቀደላት። ሦስት ወር ሙሉ ከዝንብ በቀር ጀርባዋ ላይ የወጣ የለም። እንዴት ደስ ብሏት እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም!

አንድ ቀን ሸንጎው ለንጉሡ አዲስ የማዕረግ ስም ሊመርጥ ተሰበሰበ። ቀበሮ «‹የማይነቃነቀው› ይባሉ» አለ። ዝንጀሮ ደግሞ «የለም፣ ‹ከቶ የማይነቃነቀው› ይባሉ» አለ። ‹ከቶ› ትግባ አትግባ በሚል ክርክሩ ጦፈ። ረፋዱ አለፈ፣ ቀትር ሆነ፣ ቀትሩም አለፈ፤ ቀና ብሎ ሰማይ ያየ አልነበረም። ስለ ክብሩ ሲከራከሩለት እንቅልፍ ወስዶት የነበረው አንበሳ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አናቱ ሲግል ባንኖ ነቃ።

«ጥላዬ የት ሄደ?» ብሎ አገሣ።

ሁሉም ዞሮ አየ። ጥላው ከዋርካው በስተምሥራቅ፣ በተራዎቹ ሜዳ ላይ ተነጥፏል። ከመካከሉ ደግሞ አህያዪቱ ዓይኗን ጨፍና ተጋድማለች።

«እጅ ከፍንጅ!» ብሎ ጮኸ ቀበሮ።

ከንጉሥ የሰረቀ ለጅብ እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል። አያ ጅቦ ገና ክሱ ሳይነበብ ምራቁን ይውጥ ጀመር። «ችሎቱ ቶሎ ይለቅ እንጂ ጎበዝ፤ ከደነገጠች እኮ ሥጋዋ ይቀንሳል» አለ።

አህያዪቱ ዓይኗን ገለጠች። «ጌቶቼ፣ እኔ ከተቀመጥኩበት ንቅንቅ አላልኩም። ጥላው ራሱ ነው የመጣብኝ» አለች።

«ጥላ እግር የለው! ታዲያ ማን አመጣው?» አለ ዝንጀሮ።

ይህን ጊዜ ከዋርካው ሥር «እኔ አውቃለሁ» የሚል ድምፅ ተሰማ። እመት ኤሊ ነበረች። እመት ኤሊ ዕድሜዋ ስንት እንደሆነ ቆጥሮ የጨረሰ የለም። የምትቸኩልበት ጉዳይ ስለሌላት፣ የዋርካው ጥላ ጫፉ በደረሰበት ሁሉ ጠጠር ስታስቀምጥ ነው የኖረችው።

«ጥላው በየቀኑ ይሄዳል» አለች። «ጠዋት ወደ ምዕራብ ነው፣ ከሰዓት ወደ ምሥራቅ። የቀትሩ ደግሞ ታኅሣሥ ላይ ወደ ሰሜን፣ ሰኔ ላይ ወደ ደቡብ ይላል። ካላመናችሁ ጠጠሮቼን እዩ። እናንተ ረፋድ ላይ ስለምትበተኑ አላያችሁትም። ይቺን ምስኪን ልቀቋት፤ ጥላውን የወሰደችው ምድር ናት። ምድር ትዞራለች።»

«ምን? ምድር ምን?» አለ አንበሳ።

«ትዞራለች፣ ጌታዬ። በቀን አንድ ጊዜ በራሷ ላይ ትሾራለች። በአሥራ ሦስት ወር ደግሞ ፀሐይን አንድ ጊዜ ትዞራታለች።»

«ጳጉሜንም ሳትቀር?» አለ ቀበሮ እየሳቀ።

«ጳጉሜንም ሳትቀር።»

አንበሳ ግን አልሳቀም። «እኔስ?» ሲል ጠየቀ።

«እርስዎም ከነዙፋንዎ ይዞራሉ» አለች ኤሊ። መዋሸት አታውቅበትም፤ መከራዋም ይኸው ነው።

ወይ ጉድ! ‹ከቶ የማይነቃነቀው› ይባል የተባለ ንጉሥ በዚያው ቀን ይዞራል ይባላል? ዝንጀሮ ደረቱን ደቃ። «ምድር ብትዞር ኖሮ እኔ ከዛፍ ላይ አልወድቅም ነበር? ኩሬውስ አይደፋም ነበር?» እያለ ተንጫጫ።

«ዝንጀሮ» አለች ኤሊ ረጋ ብላ፣ «ባለፈው ክረምት ጎርፉ በግንድ ላይ አስቀምጦ ሲወስድህ፣ ‹ኧረ የዳሩ ዛፎች ሮጡ!› ብለህ አልጮህክም? ዛፎቹ ነበሩ የሮጡት ወይስ አንተ?»

«ዛፎቹ ናቸዋ! በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!»

በመጨረሻ ነገሩ በድምፅ ብልጫ ይለይ ተባለ። ምድር አትዞርም የሚል እግሩን እንዲያነሣ ታዘዘ። ሚዳቋው አያ ጅቦን አየና አነሣ። ጃርቱ ሚዳቋውን አየና አነሣ። ዝንጀሮ ሁለቱንም እጆቹን አነሣ፤ ሁለት ተብሎ ተቆጠረለት። ተከሳሿ ድምፅ የላትም። ሲቆጠርና ሲደመር፣ ጥላው ሌላ ሁለት እርምጃ ወደ ምሥራቅ ሄደ። ምድርም በአንዲት ኤሊ ተቃውሞ ቆመች።

የአንበሳ አናት ግን አሁንም እየጋለ ነው። «ምድር በመቆሟ ደስ ብሎኛል። ጥላዬስ?» አለ። ቀበሮ አሰበ፣ አሰበና አህያዪቱን ለብቻዋ ገለል አድርጎ ወሰዳት።

«ሰርቄያለሁ በዪ» አላት።

«አልሰረቅኩማ!»

«ማን ሰረቅሽ አለ? ሰርቄያለሁ በዪ ነው ያልኩሽ። ምሕረት አሰጥሻለሁ። እምቢ ካልሽ አያ ጅቦ ያውልሽ።»

ዞራ አየችው። አያ ጅቦ ፈገግ አለላት። አንጀቴን ትበላኛለች እሷስ! እኔም ብሆን ያንን ጥርስ አይቼ ያላደረግሁትን አድርጌያለሁ እል ነበር። አህያዪቱ «ሰርቄያለሁ» አለች፤ እንባዋ በአፍንጫዋ ላይ ወረደ።

ቀበሮ ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ወጥቶ አዋጁን አሰማ። «ሌባዋ አምናለች። ከቶ የማይነቃነቀው ንጉሣችን በቸርነታቸው ነፍሷን ምረዋታል። ካሣዋ ግን ይህ ነው፤ ዙፋኑን ከነንጉሡ ተሸክማ፣ ጥላው ወደሄደበት ቀስ እያለች ትሄዳለች። ይህም መሄድ አይባልም። ንጉሡ አይነቃነቁምና ዙፋኑም አይነቃነቅም፤ ጥላው ነው እየተከተለ የሚያገለግላቸው። ተንቀሳቀሱ ብሎ ያወራ ለጅብ ይሰጣል።»

ሸንጎው አጨበጨበ። አያ ጅቦ በአህያዪቱ መትረፍ ቅር ቢለውም፣ የአዋጁ መጨረሻ ትንሽ አጽናናው። የእመት ኤሊን ጠጠሮች ለቅመው ወንዝ ጣሏቸው።

ከዚያን ቀን ወዲህ አህያዪቱ ጠዋት ከምዕራብ ተነሥታ፣ ቀትር ላይ ግንዱን ታክካ፣ ማታ ምሥራቅ ትደርሳለች። ወሩ ታኅሣሥ ከሆነ በሰሜን በኩል፣ ሰኔ ከሆነ በደቡብ በኩል ትዞራለች። ጀርባዋ ተላጠ። በጨው ጭነት ዘመኗ ቢያንስ ገበያ ሲደርሱ ያራግፉላት ነበር። አንድ ቀን ዳኛው ዝንጀሮ ዘንድ ቀርባ «ጌታዬ፣ ደከመኝ፤ አንድ ቀን እንኳ ልረፍ» አለችው።

ዝንጀሮ ከልቡ ተገረመ። «ከምኑ ነው የምታርፊው? በአዋጁ መሠረት አንድ እርምጃ አልተራመድሽም እኮ!» ብሎ መለሳት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አንበሳ ጀርባዋ ላይ ሲያንኮራፋ፣ እመት ኤሊ ጠጋ አለቻት። «አላዳንኩሽም ልጄ፣ ይቅር በዪኝ። ያልኩት ግን እውነት ነው፤ ምድር ትዞራለች። ሌላው ባያምነኝ አንቺ እንኳ እመኚኝ» አለቻት በሹክሹክታ።

አህያዪቱ የጥላውን ጫፍ አየችና አንድ እግሯን ወደ ምሥራቅ አነሣች።

«አምናለሁ እንጂ እመት ኤሊ፣ እንዴት አላምን!» አለች። «ምስኪን ምድር! ይህን ሁሉ ተሸክማ ቀኑን ሙሉ ስትዞር ትውላለች፤ የተቀመጡባት ግን አንድ እርምጃ አልሄድሽም ይሏታል።»