ገብስማዋን የማስታረቅ ታላቅ ሥራ

በቆሰበር ከተማ እርቅ እንደ ድንች ሞልቶ እንዲገኝ ካደረጉት ታላላቅ ሰዎች አንዱ አቶ እንግዳው ናቸው። ስንት ባልና ሚስት አስታርቀዋል፤ ድንበር የተገፋፉ ገበሬዎችን አስተቃቅፈዋል፤ በተራ የተጣሉ ባለባጃጆችን ጉልበት አሳስመዋል። እንዲህ ያለ ሰው በገዛ ጓሮው ሽንት ቤት ለመሄድ ጃንጥላ መያዝ ሲጀምር፣ ነገሩ የሕዝብ ጉዳይ እንጂ የቤት ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ጃንጥላው ለዝናብ አልነበረም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ደብሪቱ ከሚያረቧቸው ዶሮዎች መካከል አንዲት ገብስማ ነበረች። እህል ሲበተን ሌሎቹን እየነቆረች ታባርራለች፤ የአንዷንማ ላባ ነቃቅላ ጀርባዋን ራቁቱን አስቀርታዋለች። እነሱን አስገብራ ስትጨርስ ግዛቷን ወደ አቶ እንግዳው ቁርጭምጭሚት አሰፋች።

"እረዳትና እንገላገል" አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ።

"ምን ሊባል ነው?" አሉ አቶ እንግዳው ደንግጠው። "እንግዳው ሰው ያስታርቃል፣ ዶሮ ሲገጥመው ግን ቢላ ይመዛል ይባል? ጠብ ሁሉ መነሻ አለው። መነሻው ይጣራ።"

ለማጣራቱ የልብ ወዳጃቸውና የሽምግልና ባልደረባቸው አቶ በዛብህ ተጠሩ። ሁለቱ ጓሮ በርጩማ አስወጥተው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ገብስማዋም ጠጋ ብላ በአንድ ዓይኗ አየቻቸው። ይህም ለእርቅ ያላት በጎ ፈቃድ ተደርጎ ተወሰደ።

"የምትነቁረው እህሉ ያልቅብኛል ብላ ሰግታ ነው" ሲሉ በዛብህ ፈረዱ። "ስጋቷ ይከበርላት። አስቀድሞ፣ ለብቻዋ፣ በቆሎ ይሰጣት።"

"የተነቆሩትስ?" አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ።

"እነሱማ ምን ያስቸግራሉ?" አሉ አቶ እንግዳው። "ታጋሾች ናቸው።"

ገብስማዋ ፍርዱን አክብራ በቆሎዋን ለብቻዋ በላች። ከዚያም በበቆሎው በረታችና ወደ ሌሎቹ እህል መጣች። ታጋሽ የነበረችው ቀይ ዶሮም ለብቻ የሚበላ በቆሎ በምን እንደሚገኝ ስለገባት፣ ጎረቤቷን መንቆር ጀመረች። ሰላም እየተስፋፋ ሄደ ማለት ነው።

ሽማግሌዎቹ እንደገና ተሰየሙ። በዛብህ "ትዕግሥት ያስፈልጋል" ብለው ንግግር ሲጀምሩ፣ ገብስማዋ ከበርጩማው ሥር ወጥታ ቅልጥማቸውን እስኪደማ ነቆረቻቸው። አቶ እንግዳው ሳቁ። ለመሳቅ አስበው አልነበረም፤ አመለጣቸው።

"ጠርተህ ታስነቁረኛለህ፣ ደግሞ ትስቃለህ?"

"በቆሎ የፈረድህላት አንተ ነህ።"

"ዶሮውን መግራት ያቃተው ሰው ምን ሽማግሌ ነው?"

"ያንተ ሽምግልና ለጠላው እንደሆነ ድሮም አውቃለሁ።"

በዛብህ እያነከሱ ወጡ። አቶ እንግዳው የመጨረሻዋን ቃል ባልተናገርኳት ብለው ወዲያው ተመኙ፤ ግን ተከትሎ መጥራት የማን ድርሻ እንደሆነ ሲያስቡ ሰውየው ከዓይናቸው ራቁ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ገብስማዋን ገበያ አውጥተው ሊሸጧት ወሰኑና ቅርጫት ደፉባት። የቆሰበር ዝናብ ግን አላስወጣ አለ። ውሃና ጥሬ እየተቀበለች እዚያው ከረመች። ሰማዩ ሲከፈት ቅርጫቱ ቢነሳ፣ ሌሎቹ ያለ እሷ ማዕረጋቸውን ተከፋፍለው ጨርሰዋል። አንዷን ልንቁር ብትል ሁለት ነቆሯት። ዳር ላይ ሄዳ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ቀስ ብላ መልቀም ጀመረች። ሽያጩም ቀረ።

ሽማግሌዎቹ ግን አልበረዱም። ቤተ ክርስቲያን በተለያየ በር ይገባሉ፤ ለቅሶ ቤት ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣሉ። ጎረቤት ተሰብስቦ ሽማግሌ እንላክባቸው ብሎ መከረ፤ የሚላኩ ሽማግሌዎች ሲፈለጉ እነሱው ሆነው ተገኙ። አቶ እንግዳው ከሥራ ውጭ ሆነው ቤት ዋሉ። የበዛብህ ሳቅ ናፈቃቸው፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ግን ታናሽ ነው፣ ታናሹም በዛብህ ነው ብለው ጠበቁ።

አንድ ቀን ባለሱቋ ጎረቤት ዘይቱና እንቁላል ልትገዛ መጥታ ጓሮውን አየችና ተገረመች።

"እትዬ ደብሪቱ፣ ያችን አመለኛ ምን አድርገው አበረዷት?"

"ቅርጫት ደፋሁባት። ለብቻዋ ስትከርም ትልቅነቷን ረሳችው።"

ዘይቱና ድምጿን ዝቅ አድርጋ "እነዚህን ሁለቱንስ?" አለች።

"እነሱን የሚችል ቅርጫት ከየት ይመጣል ብለሽ?"

አቶ እንግዳው በመስኮቱ በኩል ሁሉንም ሰሙ። እውነትም በዛብህ ረጅም ሰው ነው፤ ተራ ቅርጫት አይበቃውም ብለው ከልባቸው አዘኑለት።