ጋሽ ደምሰው ፍል ውሃ ገቡ

ለእያንዳንዱ የአበሻ ሰፈር አንድ «እኔ እያለሁ?» ባይ ተመድቦለታል። ለእኛ ባሕር ማዶ ኦሮራ ከተማ ለምንኖረው የደረሱን ክቡር ጋሽ ደምሰው ናቸው። የሞተ ባትሪ የሚያስነሱ፣ የሰው ሶፋ የሚሸከሙ፣ ሳይጠሩ የሚደርሱ። ባለፈው ዊንተር የደጄን በረዶ ስጠርግ «እኔ እያለሁ?» ብለው አካፋዬን ነጠቁኝ። እኔ የቧንቧ ባለሙያው፣ ጎረቤት እያየ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ። ከዚያ ወዲያ አካፋዬን ቤዝመንት መደበቅ ጀመርኩ።

ልጃቸው ሔቨን ጃፓን ውስጥ ፍል ውሃ ያለበት ከተማ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ሊጠይቋት ሲሄዱ እኔንም ጎተቱኝ። እምቢ አላልኩም። በየሰው ሲንክ ሥር ስጋደም የከረመው ቀኝ ትከሻዬ ደርቆ፣ ክንዴ ወደ ኋላ አልታጠፍ ብሏል። ለማንም አልተናገርኩም። ትከሻው የደረቀ ቧንቧ ሠሪ ማን ይጠራል?

መታጠቢያው በር ላይ ሔቨን ደንቡን ነገረችን፦ ልብስ የለም፤ ገንዳው የሚገባው መላ ሰውነት ከታጠበ በኋላ ነው። «ደግሞ ዳዲ፣ ፕሊስ፣ ሰው እንዳትነካ!» ወደ እኔ ዞራም፣ «አንክል ምናሉ፣ ዋች አድርገው።»

«እኔ ምን አደርጋለሁ?» አሉ ተቀይመው።

ውስጥ፣ ሰዉ ሁሉ ራቁቱን በርጩማ ላይ ተቀምጦ ገላውን በትንሽ ፎጣ ይፈገፍጋል። ሆዴን ጨረስኩ፣ እግሬን ጨረስኩ፤ ጀርባዬ ቀረ። ክንዴ አይደርስም። ሳይታጠቡ መግባት ነውር፣ ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ ሳይገቡ መመለስ ሞኝነት። ስለዚህ ወደ ቧንቧው ዞሬ ቫልቩን መመርመር ያዝኩ። ራቁቱን የተኮሳተረ ባለሙያ።

ቀና ስል የምጠብቃቸው ሰው የሉም። ወዲያ ማዶ የአንድ ጃፓናዊ አዛውንት ጀርባ ያሻሉ! «እኔ እያለሁ? ኧረ ዞር ይበሉ አባቴ!» በንጹሕ አማርኛ። አለቀልን ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ አዛውንቱ እየሳቁ፣ በተራቸው የጋሽ ደምሰውን ጀርባ ይፈገፍጋሉ።

ከዚያ ጋሽ ደምሰው ወደ እኔ መጡ። «ዙር።»

«ጨርሻለሁ ጋሼ።»

«ጀርባህ ደረቅ ነው። ትከሻህ አይደል?»

«ኧረ ደህና ነኝ!»

«አንተ! ያኔ አካፋህን የነጠቅኩህ በረዶ መጥረግ አምሮኝ ነው? በአንድ እጅህ ስትታገል አይቼ እንጂ!»

ዞርኩ። ቆዳዬ እስኪላጥ አሹኝ። ከዚያ ገንዳው ውስጥ እስከ አንገቴ ገብቼ ተነፈስኩ።

ዘንድሮ ኦሮራ የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል፣ አካፋዬን ከቤዝመንት አውጥቼ ደጄ ላይ ገተርኩት። ረፈደ፤ አልመጡም። መንገድ መንገዱን ብመለከት የሉም። ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ምነው?» አልኩ ተቀይሜ። «እርስዎ እያሉ?»