ከውጭ የገባ ሆድ ቁርጠት

የከተማችን የዘላቂ መስተንግዶ ኮሚቴ ከተቋቋመበት ዕለት ጀምሮ ሰባት ዛፎች ተክሎ፣ ስለ ሰባቱ ዛፎች ሃያ ሁለት ጊዜ ተሰብስቧል። ዛፎቹ ደርቀዋል፤ ቃለ ጉባኤዎቹ ግን እስከ ዛሬ እንደለመለሙ ናቸው። ለዚህ ስኬት ምስጋና የሚገባቸው ሊቀመንበሩ ኤርጋሽ አካ ናቸው፤ በእኛ ዘንድ ለወንድ “አካ”፣ ለሴት “ኦያ” የክብር መጠሪያ ነው። የሰፈራችንም ሹም እሳቸው ሲሆኑ፣ ከሁለቱ ሥልጣኖቻቸው የተነሳ ይመስላል፣ ከምግብ በኋላ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ይነፋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በውሃ በተበጠበጠ የመጋገሪያ ሶዳ ሲያስታግሱት ኖረዋል። ሰው ሲጠይቃቸው “የኃላፊነት ክብደት ነው” ይላሉ።

ታሪካችን የሚጀምረው ከዴንማርክ ደብዳቤ በመጣበት ቀን ነው። ጸሐፊዋ ሊስቤት ትባላለች፤ የመንገደኞች መመሪያ መጽሐፍ አዘጋጅ ናት። አየሩን ላለመበከል ብላ አውሮፕላን አትሳፈርም፤ ወደ እኛ የምትመጣው አሥራ ሁለት ቀን በባቡር ተጉዛ ነው። በፕላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አትነካም። የራሷን የቆርቆሮ ሳህንና የእንጨት ማንኪያ ይዛ ትዞራለች። በደብዳቤው ግርጌ ደግሞ፣ ሴልያክ የሚባል በሽታ ስላለባት ስንዴም ገብስም ቅንጣት ብትቀምስ ለቀናት እንደምትታመም ጽፋለች።

ደብዳቤው በኮሚቴው ስብሰባ ላይ ተነበበ። በእኛ ከተማ ዳቦ መሬት ከወደቀ ይነሳል፣ ይሳማል፣ ግንባር ይነካና ወደ ክብሩ ይመለሳል። ዳቦ ሰው ያሳምማል ብሎ የጻፈ እጅ እስከዚያን ቀን አልታየም ነበር።

ኤርጋሽ አካ ወደ ጤና ጣቢያው ሐኪም ወደ ኒግማቱላ ዞሩ።

“ዶክተር፣ ይሄ በሽታ እኛ አገር አለ?”

“የለም።”

“በምን አወቅህ?”

“ተመዝግቦ አያውቅማ።”

“ተመርምሮስ ያውቃል?”

“ኤርጋሽ አካ፣ የሌለ በሽታ እንዴት ብሎ ይመረመራል?”

ተጨበጨበለት። ወዲያውም ባለ ሦስት አንቀጽ ደንብ ወጣ። አንደኛ፣ ስንዴ ለማይስማማው የውጭ አገር ዜጋ ስንዴ አይቀርብለትም። ሁለተኛ፣ የዱቄት ብናኝ እንዳይደርስበት ዳቦ አይጋግርም፣ ግቢ አይጠርግም፤ ሻይም አስቀድሞ ለእሱ ይቀዳለታል። ስለ ግቢውና ስለ ሻዩ ያነሳ ሰው አልነበረም፤ የኮሚቴው ጸሐፊ ነው አንቀጹ አጥሮ ስለታየው ያስረዘመው። ሦስተኛ፣ ከስንዴ ነጻ የሆነ ሃያ አራት ዳቦ ከጀርመን በአውሮፕላን ይምጣ፤ ለጥንቃቄም እያንዳንዱ በፕላስቲክ ሁለት ጊዜ ይጠቅለል። ደንቡ በከተማው ገዢ ጸደቀ።

እንግዳዋ የምታርፈው በኤርጋሽ አካ ቤት ሆነ። የቤቱን ሥራ የምትሠራው ምራታቸው ኦይሱሉቭ ናት። ከአራት ዓመት በፊት ከድንበሩ ማዶ፣ ከኪርጊዝ ምድር ከኦሽ ከተማ ተድራ መጣች፤ ባሏ ሩሲያ ግንባታ ላይ ነው። ጎህ ሳይቀድ ግቢ ትጠርጋለች፣ በሳምንት አርባ ዳቦ ትጋግራለች። ከጋገረችው ግን ስትበላ ሆዷን ይቆርጣታል፣ ስለዚህም ድርሻዋን ለዶሮዎች በስውር ትፈረፍራለች። ከስታ ከስታ ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ ሁለቴ ሊጥ ውስጥ ተገኝቷል። አማቷ ሆሲያት ኦያ ፍርፋሪውን ባገኙ ቁጥር ደማቸው ይፈላል።

“የቤታችንን ዳቦ የምትንቅ ሙሽራ! ይቺ እንግዳ ትሂድልኝና ወደ አባቷ ቤት ኦሽ ነው የምመልሳት። ለልጄ ጤነኛ ሚስት አመጣለታለሁ።”

ኤርጋሽ አካ ምራታቸውን ይወዷታል፤ አንጀታቸውን ትበላቸዋለች። ነገር ግን የቤት ጉዳይ በኮሚቴው ሥልጣን ሥር ስላልነበረ ዝም አሉ።

ሊስቤት መጣች። ቋንቋችንን በባቡር ላይ ስለተማረችው የምታውቀው ምግብና ትኬት የሚመለከተውን ብቻ ነው። ኤርጋሽ አካ የጀርመኑን ዳቦ በትልቅ ሳህን ደርድረው አቀረቡላት።

“ይብሉ፣ ስንዴ የለበትም። በአውሮፕላን ነው ያስመጣንልዎ።”

“በአውሮፕላን?” አለች ሊስቤት፣ ፊቷ እንደ ዱቄት ነጥቶ። “እኔ እኮ አሥራ ሁለት ቀን ባቡር ላይ ነበርኩ!”

“እሱማ በስድስት ሰዓት በረራ ገብቶ እርስዎን ሲጠብቅ ከረመ።”

ሊስቤት አልበላም አለች። ሕሊናዋን አስከብራ ዳቦውን ወደ ጓዳ መለሰች፤ የተፈታውን የላይኛውን ፕላስቲክ ግን አጥባ፣ አድርቃ፣ አጣጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተች። አገሯ ወስዳ በትክክለኛው በርሜል ልትጥለው ነው። ሻንጣውን ሲያነሱላት የከረሙት ኤርጋሽ አካ ናቸው።

እንግዳ ብቻዋን አትበላምና አብራት የምትበላ ሰው አስፈለገ። የተመደበችው ኦይሱሉቭ ናት። አሥራ አራት ቀን ሁለቱ ሩዝ በማሾ፣ የበግ ሥጋ፣ ድንችና እንጆሪ በሉ፤ ኦይሱሉቭም በደንቡ መሠረት ብናኝ ወደ እንግዳዋ እንዳታደርስ ሊጥ እንዳትነካ ታዘዘች። በሳምንቱ ቁርጠቱ ተዋት። በሁለተኛው ሳምንት ቀለበቷ አልወልቅ አለ። ሊስቤት ይህን ልብ ብላ ብዙ ጠየቀቻት፤ ከዚያም ከኪሷ ካርድ አውጥታ ሰጠቻት። በቋንቋችን “ስንዴና ገብስ ያመኛል፤ እባክዎ አይስጡኝ” ይላል።

የስንብቱ ቀን ገዢው ራሱ መጣ። መንገደኛ ከከተማችን ሲወጣ ከዳቦ አንድ ጊዜ ይገምጣል፤ የተገመጠው ዳቦ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ባለቤቱን ይጠብቃል። ያልገመጠ አይመለስም ይባላል። ሊስቤት ደግሞ ልትገምጥ አትችልም። ኤርጋሽ አካ ሌሊቱን ሙሉ አስበው መላ አግኝተዋል፤ ማኅተም ያረፈበት የውክልና ወረቀት አወጡ።

“እንግዳችንን ወክላ ምራቴ ኦይሱሉቭ ትገምጣለች!”

ኦይሱሉቭ ትኩሱን ዳቦ ተቀበለች። ስልሳ ሰው አፍ አፏን ያያል። ሳመችው፣ ግንባሯን አስነካችውና ወደ ሳህኑ መለሰችው።

“አልችልም አባባ። እኔንም ያመኛል።” ካርዱን አሳየች።

“ይኸው! አላልኳችሁም?” አሉ ሆሲያት ኦያ። “ዛሬውኑ ኦሽ ትሂድልኝ!”

ኤርጋሽ አካ የውክልናውን ወረቀት አጣጠፉ። “ልጄ፣ ደንቡ እኮ ለውጭ አገር ዜጋ ነው። አንቺ የቤት ሰው ነሽ።”

“የቤት ሰው ከሆንኩ እማማ ለምን ወደ አገርሽ ይሉኛል?” አለች ኦይሱሉቭ። ከቀሚሷ ኪስ የኪርጊዝ ፓስፖርቷን አወጣች። “ደግሞም የውጭ አገር ዜጋ ነኝ። የዜግነት ማመልከቻዬ በሰፈር ሹሙ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ አራት ዓመቱ።”

ገዢው ወደ ሰፈር ሹሙ ዞረ። ሹሙ ወደ ጫማቸው አዩ።

“በምንድን ነው የመጣችው?” አለ ገዢው።

“በታክሲ። ስድስት ሆነን፣ ተጨናንቀን” አለች ኦይሱሉቭ።

“በአውሮፕላን አልመጣችም፤ ስንዴ አይስማማትም፤ የውጭ አገር ዜጋ ናት። ታዲያ ምን ጎደላት? ያጸደቅሁትን ደንብ ልሽረው ነው?”

በዚያው ቆመው ደንቡ ለኦይሱሉቭም እንዲሠራ፣ እሷም እንድትቆይ ወሰኑ። ዶክተር ኒግማቱላ መዝገቡን ከፍቶ “አንድ ታማሚ፤ በሽታው ከውጭ የገባ” ብሎ ጻፈ፤ የአገራችንም ንጽሕና እንደተጠበቀ ቀረ። ኦይሱሉቭ ከጀርመኑ ዳቦ አንዱን ፈትታ ለሁለት ቆረሰችው። ሊስቤትም ሕሊናዋን ለአንድ ጉርሻ ያህል ፈቃድ ሰጥታ ገመጠች። የተረፈው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ፕላስቲኩ ወደ ሻንጣው ገባ። ኦይሱሉቭ ያን ቀን ዳቦ በልታ ያለ ቁርጠት ተኛች፤ ከደስታዋም አለቀሰች።

ከማግስቱ ጀምሮ ግቢውን የሚጠርጉት ሆሲያት ኦያ ናቸው። ይረግማሉ፣ ግን ይጠርጋሉ፤ ሁለተኛው አንቀጽ ግልጽ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ኤርጋሽ አካ በባለቤታቸው የተጋገረ ትኩስ ዳቦ አጣጥመው ሲጨርሱ ሆዳቸው ተነፋ፤ ሶዳቸውን ማማሰል ጀመሩ። ኦይሱሉቭ ካርዱን ከስኒያቸው አጠገብ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።

“አባባ፣ እስቲ ለአንድ ሳምንት ብቻ ይሞክሩት።”

አነበቡት። መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አነበቡት። ሆዳቸውን ዳበስ አድርገው ብዙ አሰቡ፤ ከዚያ ካርዱን በሁለት እጃቸው አክብረው መለሱላት።

“ልጄ፣” አሉ፣ “እኔ እኮ የአገሩ ዜጋ ነኝ።” ሶዳቸውንም ጨለጡ።